የአርብ እንቅብ

ወይራ አምባ በስማዳና በእስቴ መካከል፣ ነፋስ በማይጠፋበት ጉብታ ላይ የተቀመጠች ትንሽ የገበያ ከተማ ናት። ስድስቱን ቀን ታንቀላፋለች፤ አርብ ሲደርስ ነፍስ ትዘራለች። ከአሮጌው የገበያ ሜዳ ዳር፣ ቆርቆሮው በዝገት የቀላ፣ ግቢው ግን ለአንዲት ሴት እጅግ የሰፋ ቤት አለ። የእትዬ አይሻ ቤት ነው። አጥሩ የድንጋይ ካብ ነው። በሩ ሁለት የተጫኑ አህዮች ጎን ለጎን ያሳልፋል፤ መዝጊያ ግን ኖሮት አያውቅም።

ይህ ግቢ ለብዙ ዘመን የአህዮች ማረፊያ ነበር። ከየቀበሌው ገብስና ስንዴ፣ አተርና ሽምብራ ጭኖ የሚመጣ ገበሬ ጭነቱን ሜዳው ላይ ያራግፍና አህያውን ወደ እትዬ አይሻ ያስገባል። እርሳቸው እያንዳንዱን በየችካሉ ያስራሉ፤ ከግንድ በተጠረበው ገንዳ ውኃ ያጠጣሉ፤ የሚናከሰውን ከሚራገጠው ያራርቃሉ፤ ከሰዓት በኋላ ለየባለቤቱ ያስረክባሉ። ለዚህ ሥራ ዋጋ ተቆርጦለት አያውቅም። ልማዱ ሌላ ነበር። ገበሬው ጠዋት አህያውን ሲያስገባ፣ ካመጣው እህል አንድ ጭብጥ ዘግኖ በሩ ሥር ከተቀመጠው እንቅብ ውስጥ ይጨምራል። ገብስ ያመጣ ገብስ፣ ሽምብራ ያመጣ ሽምብራ። የሚያይ የለም፤ የሚቆጣጠርም የለም። ጭብጡን ሳይጨምር ያለፈ ሰው ግን በእትዬ አይሻ ዘመን አልታየም።

ማታ ገበያው ሲበተን እንቅቡ ጢም ብሎ ሞልቶ ይገኛል። እንግዲህ የሳምንቱ ሥራ ይህ ነበር። ቅዳሜ እንቅቡን ከፊታቸው አድርገው በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ፤ ስንዴውን ለብቻ፣ አተሩን ለብቻ፣ ገብሱን ለብቻ ይለቅማሉ። ተቀላቅሎ ቢቆላ አንዱ ሲያር ሌላው ጥሬ ይቀራልና። እየለቀሙም ከራሳቸው ጋር ያወራሉ፦ ይህ ቀይ ስንዴ የታች ቀበሌዋ የተዋበች ነው፤ ይህ ደቃቅ ገብስ የደጋው ሰውዬ ነው፤ እርሻው ዘንድሮም በረዶ መታው ማለት ነው። አተሩ ረቡዕ ማታ ይነከራል። ሐሙስ ሁሉም በየተራው ይቆላል፤ ተቆልቶ ሲያበቃ ተመልሶ ይቀላቀላል። አርብ ከሰዓት በኋላ ገበሬዎቹ አህያቸውን ሊወስዱ ሲመጡ በሰፌድ ይቀርብላቸዋል። ባለፈው አርብ የሰጡትን በዚህኛው አርብ ይበሉታል።

ስድስቱ ቀን ብቸኝነት ነበረው፤ ግን ለአርብ የሚሠራበት ብቸኝነት ነበር። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

እትዬ አይሻ ወደ ወይራ አምባ የመጡት በሙሽርነታቸው፣ ከንፋስ መውጫ ከተማ ነው። ባላቸው ጁነይዲ መርፌና ክር፣ ጨውና መስታወት የሚነግዱ፣ ድምፃቸው ከፍ የማይል ሰው ነበሩ። ክርስቲያኑ ገበሬ ለልጁ ማተብ የሚሆነውን ክር የሚገዛው ከእርሳቸው ነበር። "የጁነይዲ ክር ቶሎ አይበጠስም" ይባልላቸው ነበር። የአህያው ነገር የተጀመረው በአንድ የሚያዝያ አርብ ነው። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ገበያውን ሲበትነው፣ ባዩ የሚባሉ ከወንዝ ማዶ የመጡ ገበሬ ከነአህያቸው ካቡ ሥር ተጠግተው ይንቀጠቀጡ ነበር። ጁነይዲ ከደጃፋቸው ሆነው አዩዋቸው።

"ሰውዬ፣ አንተ ብትኮራ እንኳ አህያህን አስገባው" አሏቸው።

ባዩ አህያቸውን ተከትለው ገቡ። ሲወጡ የሚሰጡት ቢያጡ ከስልቻቸው አንድ ጭብጥ ገብስ ዘግነው፣ እግራቸው ሥር ካገኙት ባዶ እንቅብ ውስጥ ጨመሩና ሄዱ። በሚቀጥለው አርብ ሁለት ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው መጡ። ልማዱ እንዲህ ተወለደ።

ቀኑ አርብ መሆኑም ትልቅ ነገር ነበር። በዚያ አገር ክርስቲያኑ እስላሙ ያረደውን፣ እስላሙም ክርስቲያኑ ያረደውን አይበላም። በሌላ ቀን አንዱ ከአንዱ ቤት በእንግድነት ሲገባ ሁለቱም ትንሽ ይተፋፈራሉ። አርብ ግን ክርስቲያኑ ጾመኛ ነው፤ የሥጋ ነገር የሚያነሣ የለም። ጾሙን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚያቆየው ገበሬ አህያውን ሊወስድ የሚመጣበት ሰዓትም ያው ነው። እናም ከወንዝ ማዶ ያለው ባላገር፣ ለዓመታት፣ የአርብ ጾሙን ይፈታ የነበረው በእትዬ አይሻ ግቢ፣ በእትዬ አይሻ ቆሎ ነበር። ጁነይዲ ከጁምዓ ሲመለሱ መሐላቸው ይቀመጣሉ። የእህል ዋጋ፣ የዝናብ ነገር፣ የማን ልጅ ማንን እንዳገባ፣ ሁሉ እዚያ ይወራል።

ጁነይዲ ሞቱ። አንዲት ልጃቸው ሲሀም አግብታ ደብረ ታቦር ገባች። እትዬ አይሻ ብቻቸውን ቀሩ። ሲሀም በስልክ በደወለች ቁጥር አንድ ነገር ትደጋግማለች።

"እማ፣ ነይ እኔ ዘንድ። ብቻሽን እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?"

"እንቅቡ ባዶ የሆነ ቀን እመጣለሁ" ይሏታል።

ይህን ሲሉ ቀልድ ነበር። እንቅቡ ባዶ ይሆናል ብሎ ማን አስቦ?

ከዚያ የከተማው ነገር መጣ። ወይራ አምባ እስከዚያ ድረስ በገጠር ቀበሌ ሥር የምትተዳደር፣ በማንም መዝገብ ጎልታ የማትታይ ነበረች። አሁን ሕዝቧ ስለበዛ፣ በከተሞች አዋጅ መሠረት ራሷን የቻለች ከተማ ትሁን ተባለ። ነዋሪው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰበ። ዘካርያስ የተባለ ወጣት ባለሙያ አዋጁን ይዞ መጥቶ አንቀጽ በአንቀጽ ያብራራ ጀመር። እትዬ አይሻ ከጎረቤታቸው ከሻይ ቤቷ ከየኔነሽ ጋር ከመሐል አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር።

"አዋጁ ከተማዋን ሕጋዊ ሰውነት ይሰጣታል" አለ ዘካርያስ። "በራሷ ስም ውል ትዋዋላለች፤ ንብረት ታፈራለች፤ ትከሳለች፣ ትከሰሳለችም።"

ልብስ ሰፊው ሙሂዲን ከኋላ ተነሣ። "ትከሰሳለች ካልክማ እኔ ዛሬውኑ ማመልከቻዬን ላስገባ። ባለፈው ክረምት ጭቃዋ አንድ እግር ጫማዬን ውጦ አልመለሰልኝም።"

"ሌላኛውን እግርስ ምን አደረግኸው?" አለችው የኔነሽ።

"እሱንማ ለምስክርነት አስቀምጬዋለሁ።"

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ዘካርያስም ሳቀ። እትዬ አይሻ ግን ወደ የኔነሽ ጠጋ አሉ።

"ሰው ትሆናለች ነው የሚለው?"

"በሕግ ነው እንጂ በሥጋ አይደለም እትዬ።"

"እሱማ ገብቶኛል። ሰው ከሆነች ግን ለቅሶ ትደርሳለች? የታመመ ትጠይቃለች?"

"እጅዎን ያውጡና ይጠይቁታ።"

"ተይው፤ ልጁ ብዙ ተናግሮ ደክሞታል።"

ዘካርያስ የከተማዋን ሥልጣን ዘረዘረ። ምክር ቤት ትመርጣለች፤ ከንቲባ ይኖራታል፤ መንገድ ታወጣለች፤ ቦታ ትመራለች፤ የገበያ ሥፍራ ትወስናለች፤ የመጠጥ ውኃ ታስገባለች። እትዬ አይሻ ከዚህ ሁሉ የሰሙት ውኃውን ነው። በየሐሙሱ ለአርብ ገንዳ የሚሆነውን ውኃ ከታችኛው ምንጭ በጀርባቸው ሲያወጡ ጉልበታቸው አልቆ ነበር። ስለ ገበያው ሥፍራ የተነገረው ከሌላው ጋር ተያይዞ በጆሯቸው በኩል አለፈ። "የምትደግፉ" ሲባል እጃቸውን ከፍ አድርገው አወጡ። ከልባቸው ነበር።

ውኃው እውነትም መጣ። የከተማነቱ ድግስ ተደግሶ፣ ምክር ቤቱ ተመርጦ፣ ከንቲባው ወንበራቸው ላይ ከተቀመጡ ብዙም ሳይቆይ፣ ከእትዬ አይሻ ካብ ጥግ ቦኖ ተተከለ። የመጀመሪያውን ቀን ቧንቧውን ከፍተው ገንዳው ሲሞላ ቆመው አዩ። ጁነይዲ ይህን ሳያዩ መሞታቸው ቆጫቸው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሰኞ ዮርዳኖስ የምትባል የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ መጣች። ጨዋ ልጅ ናት። የቤት ቁጥር የተጻፈበትን ቆርቆሮ ይዛለች። በሩ ሥር ቆማ መዝጊያውን ፈለገች።

"እትዬ፣ ይህን የት ልምታው? በር የለዎትም።"

"ግድግዳው ላይ ምቺው ልጄ። በሩማ ሁሌ ክፍት ነው።"

መታችው። ከዚያ ስትሄድ ስትመለስ ቆየችና፣ "እትዬ፣ ሌላም የምነግርዎት አለ" አለች። "ገበያው ከመጪው አርብ ጀምሮ ወደ አዲሱ ሥፍራ ይዛወራል፤ ከዋናው መንገድ አጠገብ፣ ከጉብታው ጀርባ። እዚህ ሜዳ ላይ የከተማው አዳራሽ ይሠራል። ምክር ቤቱ ወስኗል።"

"የትኛው ምክር ቤት?"

"የእኛው ነዋ፤ የመረጥነው።"

"አህዮቹስ?"

"ለነሱም ቦታ ተከልሎላቸዋል። ጥላ አለው፤ የተደራጁ ወጣቶች ይጠብቋቸዋል። መሐል ከተማ የጭነት እንስሳ መግባት አይችልም።"

"እኔም ልደራጅ እንዴ?"

ዮርዳኖስ ሳቅ አመለጣት። "ዕድሜ ይጠይቃል እትዬ።"

"ዕድሜማ አለኝ። ከነሱ ሁሉ የበለጠ ነው ያለኝ።"

ልጅቷ መሬት መሬት አየች። እትዬ አይሻም አዘኑላትና የቀረውን ቆሎ በእጇ ዘገኑላት። እየቆረጠመች ሄደች።

ያን ሳምንትም እትዬ አይሻ እህሉን ለቀሙ። አተሩን ነከሩ። ሐሙስ ቆሉት። ለማን እንደሚቆሉ ራሳቸውን አልጠየቁም፤ እጃቸው የለመደውን ሠራ። አርብ ጠዋት ገንዳውን ሞሉ፤ እንቅቡን በሩ ሥር አስቀመጡ፤ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ሜዳው ባዶ ነበር። ከጉብታው ጀርባ የሰው ጫጫታ በነፋስ እየተቆራረጠ ይሰማ ነበር፤ የሌላ አገር ገበያ ይመስል ነበር።

ረፋዱ ላይ ኮቴ ሰሙ። ቀና ሲሉ አንድ አህያ ከነጭነቱ፣ ያለ ማንም ነጂ፣ ቀጥ ብሎ በበሩ ገብቶ ከችካሉ አጠገብ ቆመ። የአያ ባዩ ዳለቻ ነው። ወዲያው ሁለተኛ መጣ፤ ሦስተኛ መጣ፤ ግቢው ሞላ። ከኋላቸው ባለቤቶቹ ዱላቸውን ይዘው እያለከለኩ ደረሱ። ነገሩ ቀላል ነበር። ከወንዝ የሚመጣው መንገድ ጉብታው ሥር ለሁለት ይከፈላል፤ አዲሱ ገበያ በቀኝ ነው። ሰዎቹ እየተጫወቱ ወደ ቀኝ ሲታጠፉ አህዮቹ እንደ ልማዳቸው ወደ ግራ ታጠፉ።

"አዋጁ ለነሱ አልተነበበላቸውም" አሉ አያ ባዩ ላባቸውን እየጠረጉ።

"ስብሰባ ያልጠራቸው ማን ነው?" አለች ከታች ቀበሌ የመጣችው ተዋበች። "እጅ አያወጡም ብላችሁ ነው?"

"አያ ባዩ፣ አንቱም ያላወቁ መስለው ነው የመጡት?" አሏቸው እትዬ አይሻ።

"እኔንማ መች ጠየቁኝ? ወሰኑ ከወንዙ ወዲህ ነው ብለው ማዶ አስቀሩኝ። እናንተ ከተሜ ሆናችሁ፤ እኛ ያው ባላገር ነን። ባላገር ደግሞ አህያውን ተከትሎ ነው የሚሄደው።"

ያን ቀን ሳቁ ብዙ ነበር። ሰዓቱ ገና ስለነበረ ቆሎውን በየኩታቸው ጫፍ ቋጠሩት፤ ለዘጠኝ ሰዓት ይሆናል ብለው። ሲወጡም አንድ ሳይቀር ጭብጣቸውን እንቅቡ ውስጥ ጨመሩ። እትዬ አይሻ ማታ እንቅቡን አነሡት። እንደ ወትሮው ባይሆንም ይከብዳል። ሲሀም ስትደውል፣ "ገበያው ተነሣ የሚሉት እውነት ነው?" አለቻቸው።

"ተነሣ። አህዮቹ ግን እምቢ አሉ" አሏት፤ ያን ሌሊት እንቅልፋቸው ጥሩ ነበር።

አህያ ግን መንገድ ቶሎ ይማራል። በሁለተኛው አርብ የመጡት ጥቂት ነበሩ። ከዚያ ከመንገዱ መከፈያ ላይ፣ በግራው በኩል፣ የእሾህ ቅርንጫፍ ተጋደመ፤ ከጎኑም የጭነት እንስሳ ማስገባት ክልክል መሆኑን የሚናገር ሰሌዳ ቆመ። ክፉ ሥራ አልነበረም። መሐል ከተማውን ከፋንድያ ለመጠበቅ ነው። የኔነሽ እንኳ፣ "እውነቱን ለመናገር እትዬ፣ ደጃፌ ጸዳልኝ" አለቻቸው። እርሷ ሻይ ቤቷን ወደ አዲሱ ገበያ ልትወስድ ተሰናድታ ነበር። ብዙ ሳትቆይም ወሰደችው። በሩን ቆልፋ ቁልፉን ለእትዬ አይሻ ሰጠቻቸው። "አንዳንዴ ብቅ እያሉ ይዩልኝ" አለች። የሚታይ ነገር አልነበረም፤ አራት ግድግዳ ነው።

በአርብ ላይ አርብ እየተተካ ሲሄድ ወደ ግራ የሚታጠፈው የአያ ባዩ ዳለቻ ብቻ ሆነ። እሾሁን በጎን ዞሮ፣ ከመንገዱ ዳር ባለው ቦይ በኩል እየተንሸራተተ ይመጣል። አያ ባዩ ከኋላው ይደርሳሉ። "ይህ ደነዝ፣ መቼም አይማር" እያሉ ይቆጡታል፤ ትንሽ ይቀመጣሉ፤ ጭብጣቸውን ይጨምራሉ፤ ይሄዳሉ። እትዬ አይሻ ለዳለቻው ምስጋናቸው በዛ። ከመድረሱ በፊት በገንዳው ውኃ ላይ የወደቀውን ቅጠል በእጃቸው ያነሡለት ነበር።

አንድ አርብ ግን፣ ከቀደሙት ሳምንታት የተረፈውን ሁሉ ቆልተው፣ በመሶብ አድርገው፣ በነጠላ ሸፍነው ራሳቸው ወደ አዲሱ ገበያ ወጡ። ሰዎቹ መምጣት ካልቻሉ እኔ ልሂድ ብለው ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደረሱ። ገበያው ሰፊ ነው፤ በአጥር ተከልሏል፤ አህዮቹ በረድፍ ጥላ ሥር ታስረዋል። ያወቋቸው ሰዎች ከያሉበት ጠሯቸው።

"እትዬ አይሻ፣ እንዴት ሰነበቱ?"

"አልሐምዱሊላህ። እናንተስ?"

"ደኅና ነን። ጊዜ አጣን እንጂ እንመጣ ነበር።"

እውነታቸውን ነው። መኪናው ጭነት ይጠብቃል፤ ነጋዴው በስልክ ይጣራል፤ አይሱዙው ጥሩምባውን ይነፋል። ተዋበች ሁለት እጇ በሚዛን ተይዞ ስለነበር፣ ቆሎውን እትዬ አይሻ በአፏ አጎረሷት። ሌሎቹ እየዘገኑ፣ እየመረቁ፣ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። የሚቀመጡበት ቦታ ፈለጉ፤ የለም። ቆመው ሳለ አንድ የማያውቋቸው ጎረምሳ ወደ መሶቡ አጎንብሶ አየ።

"እናት፣ ስንት ስንት ነው?"

አልገባቸውም። "ምኑ?"

"ቆሎው። በኩባያ ነው የሚሸጡት ወይስ በላስቲክ?"

እትዬ አይሻ ልጁን አዩት። የሚያስከፋ ነገር አልተናገረም። ገበያ ውስጥ መሶብ ይዞ የቆመ ሰው ሻጭ ነው፤ ሌላ ምን ሊመስለው ይችላል? በሁለት እጃቸው ዘግነው ሰጡትና፣ "የሚሸጥ አይደለም" አሉት። ልጁ ግራ ተጋብቶ፣ ቆሎውን ይዞ ሄደ፤ ጥቂት ርቆ ዞር ብሎ አያቸው። እርሳቸውም ነጠላውን መለሱና በመጡበት ወረዱ። መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ግን ሲወጡት የቀለለ ነበር።

ሰኔ ገባ። ደመናው ከጉና ተራራ በኩል እየተግተለተለ ይመጣ ጀመር። በዚያ ወር መጀመሪያ አርብ፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አያ ባዩ ከዳለቻው ኋላ ሳይሆን ፊት ሆነው መጡ። የአህያውን አንገት በገመድ ይዘው ይጎትቱ ነበር። ዳለቻው እግሩን ተክሎ፣ ጆሮውን አጣጥፎ፣ ወደ አዲሱ ገበያ አቅጣጫ ይመለከት ነበር። እትዬ አይሻ ከበረንዳው አዩት።

"ምነው አያ ባዩ? አሞታል?"

"አላመመውም።" አህያውን ከችካሉ አሰሩና በካቡ ላይ ተቀመጡ። "ልንገርሽ እንግዲህ። ይህ አህያ መንገዱን ከተማረ ቆየ። ከሌሎቹ ጋር ነው የተማረው። ከመከፈያው ላይ ሲደርስ ወደ ቀኝ ነው የሚለው። እስከ ቦዩ እየጎተትኩ፣ ቦዩ ላይ ስደርስ ለቅቄ ወደ ፊት እነዳውና እኔ ወደ ኋላ እቀራለሁ፤ ብቻውን የመጣ እንዲመስልሽ።"

እትዬ አይሻ ወደ ዳለቻው ዞሩ። ዳለቻው ውኃውን ይጠጣ ነበር።

"ለምን ብለው?"

"ጾሜን የት ልፍታ? እዚያ ላይ ቆሜ ነው የምበላው? ደግሞ ሽማግሌ ሰው ሥራ ሳይኖረው ሰው ቤት ዘው ሲል ያሳፍራል። አህያ ተከትዬ ነው ማለት ይቀላል።"

"እኔ ደግሞ እሱን ሳመሰግን ከረምኩ።"

"አውቃለሁ። ሰምቼሻለሁ። ቀንቼበታለሁ።"

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ሰፌዱ ቀረበና ቆረጠሙ። የጁነይዲን ስም አነሡ፤ ያን የበረዶ አርብ አነሡ። ሊነሡ ሲሉ አያ ባዩ ወደ ሰማይ አዩ።

"ዳለቻው ቦዩን ካሁን በኋላ አይችለውም። ጭቃ ሆኗል፤ ዛሬም ሁለቴ ተንበርክኮብኛል። ወንዙም ሊሞላ ነው። እኔም ብሆን ጉልበቴ ከሱ አይሻልም። እስከ መስቀል ድረስ የምመጣ አይመስለኝም።"

"ከመስቀል በኋላስ?"

"እግዜር ካለ።"

"ኢንሻአላህ" አሉ እትዬ አይሻ።

አያ ባዩ ከስልቻቸው አንድ ጭብጥ ገብስ ዘገኑ። እንደ መጀመሪያው ቀን ነበር፤ ያኔም ገብስ ነበር። እንቅቡ ውስጥ ጨመሩና አህያቸውን ፈቱ። ዳለቻው ከበሩ እንደወጣ ወደ ቀኝ ታጠፈና ጌታውን እየጎተተ ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ አይሻ እንቅቡን ከፊታቸው አድርገው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። የሚለቀም ነገር አልነበረም። ገብስ ብቻ ነው። የሚለየው የለም፤ ይህ የእገሌ፣ ያ የእገሊት የሚባልበት የለም። በጣታቸው እያገላበጡ ብዙ ቆዩ፤ አንድ የስንዴ ፍሬ፣ አንዲት ምስር እንኳ ቢያገኙ ብለው። ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ። ሜዳው ላይ፣ አዳራሹ የሚሠራበት መሠረት ተቆፍሮ፣ ውኃ ይዞ ነበር።

ሐሙስ ሲደርስ ብረት ምጣዱን አወጡት። እሳቱን አነደዱ። ገብሱን ሊያፈሱት እንቅቡን አንሥተው ቆሙ። ከዚያ ሐሳባቸውን ለወጡ። የተቆላ እህል ለነገ ነው፤ ጥሬው ግን ይቆያል። ደረቅ ቦታ ካገኘ እስከ መስቀልም፣ ከመስቀል አልፎም ይቆያል። እሳቱን አጠፉት።

አርብ ጠዋት ገንዳውን ሞሉ። እንቅቡን ከነገብሱ በሩ ሥር፣ ዝናብ በማይደርስበት በኩል አስቀመጡ። የመጣ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ሲሀም ደወለች።

"እማ፣ እዚህ ዝናቡ አይጣል ነው። እዚያስ?"

"እዚህም ያው ነው።"

"ሰው መጥቷል ዛሬ?"

"ክረምት አይደል።"

ከኋላዋ የልጆቿ ድምፅ ይሰማ ነበር። "እማ፣ እንግዲህ እንቅቡ ባዶ ሆነ ማለት ነው? መኪና ልላክልሽ?"

እትዬ አይሻ ስልኩን በጆሯቸው እንደያዙ ወደ በሩ ሄዱ። ጎንበስ ብለው እንቅቡን በአንድ እጃቸው ከመሬት ብድግ አደረጉት። ምንም አይከብድም። ነቅነቅ አደረጉት፤ ገብሱ ከጎን ወደ ጎን ተንሸራተተ፤ ድምፁም ተሰማ።

"ገና ነው" አሏት።

መልሰው አስቀመጡትና ወደ በረንዳው ተመለሱ።